ስቴም ሴል ላይ ሀገራት አብረው የሚሰሩት የምር ነው ወይስ ለወረቀት?

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይሄን ነው፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ፣ ስለ ስቴም ሴል (ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ አይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው) የምታነቢው ጽሁፍ ሁሉ ላይ የአራትና የአምስት ሀገር ስም ተደርድሯል፣ ይሄ ትብብር የሚሉት ነገር እውነት ያስፈልጋል ወይስ የጥናት ገንዘብ ለማግኘት የሚጻፍ ነው፣ ሀብታም ሀገርስ ብቻውን አይችልም ወይ፣ ህጋቸው የሚለያይ ሀገራትስ እንዴት አብረው ይሰራሉ፣ ትልቅ ላብ (ላብራቶሪ) የሌለው ሰውስ ምን ቦታ አለው። እኔ ብዙ አመት ሴል ሳሳድግ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወደ ሌላ ሀገር ሴል ልኬም ተቀብዬም አውቃለሁ፣ ስለዚ በዝርዝር ልመልስልሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ። አመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው።

ከሁሉ በፊት እኔ የምለይበትን ነገር ልንገርሽ። አንድ ትብብር እውነተኛ መሆኑን የማውቀው ድንበር የሚሻገር የሚጨበጥ ነገር ሲኖረው ነው። ቱቦ ውስጥ ያለ ሴል፣ ከረጢት ውስጥ ያለ መቅኒ፣ ወይ ሌላው ሰው በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ሊመረምረው የሚችል ጥሬ ዳታ። እሱ ከሌለ የቀረው ፊርማና ፎቶ ነው። ከዚ በታች የምነግርሽን ሁሉ በዚ አይን እያየሽ አንብቢው።

ከስቴም ሴል ሁሉ ሰው ላይ ረጅም ጊዜ የተሰራበት መቅኒ ውስጥ ያለው የደም ስቴም ሴል ነው። እዚ ጋ ድንበር መሻገር ምርጫ አይደለም። ምክንያቱ ኤችኤልኤ ነው፣ ሴሎቻችን ላይ ያለ መታወቂያ በይው፣ የሰውነት መከላከያችን የራሱን ከባዳው የሚለየው በሱ ነው። ግማሹን ከእናት ግማሹን ከአባት ስለምንወርስ አንድ ወንድም ወይ እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም እድሉ 25 በመቶ ብቻ ነው። ካልገጠመ የማታውቂው ሰው መፈለግ ነው፣ ያ ሰው ደሞ የትኛው ሀገር እንደሚኖር ማን ያውቃል። በ1973 ኒውዮርክ ስሎን ኬተሪንግ ሆስፒታል መከላከያ ሳይኖረው የተወለደ ትንሽ ልጅ ነበር፣ ከቤተሰቡ የሚገጥመው ጠፋ፣ የተገኘው ኮፐንሀገን ሪግስሆስፒታሌት የሚባለው ሆስፒታል የደም ባንክ መዝገብ ውስጥ ነው። አንድ የዴንማርክ ሰው ለማያውቀው ልጅ መቅኒውን ሰጠ፣ ያውም አንዴ ብቻ አይደለም። ዘመድ ካልሆነ ሰው የሚደረገው ንቅለ ተከላ ሲጀመር ራሱ ሁለት ሀገር መሀል ነው የተጀመረው ማለት ነው። በቀጣዩ አመት ለንደን ውስጥ የለጋሾች መዝገብ ተቋቋመ፣ በ1988 ደሞ ኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ የተለያዩ ሀገራት መዝገቦች በአንድ ቋት መሰብሰብ ጀመሩ፣ ዛሬ በዛ የጋራ መዝገብ ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ለጋሽ አለ፣ ዘመድ ካልሆነ ሰው ከሚደረጉት ንቅለ ተከላዎችም ግማሽ የሚጠጉት ላይ ለጋሹና ታማሚው የተለያየ ሀገር ሰዎች ናቸው። መቅኒው ሳይቀዘቅዝ ትኩሱን ከሆነ የሚሄደው አንድ ሰው በእጁ ይዞት ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው፣ ሻንጣ ክፍል አይገባም፣ ራጅ ማሽን ውስጥ አያልፍም፣ 72 ሰአት ሳይሞላው ታማሚው ደም ስር ውስጥ መግባት አለበት። ስለ ትብብር ሲነሳ እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ሳጥን የያዘው ሰው ነው።

በዛው በ1988 የሆነ ሌላ ነገር አለ፣ ለተማሪ ሁሌ የምነግረው። የ5 አመት አሜሪካዊ ልጅ ነው፣ ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል በዘር የሚመጣ በሽታ ይዞታል፣ መቅኒው ደም መስራት እያቆመ ነው። እናቱ እርጉዝ ናት። ኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ያለችው አርሊን አውርባክ ጽንሱን መርምራ ልትወለድ ያለችው እህቱ በሽታው የለባትም ደሞም ትገጥመዋለች አለች። ስትወለድ እትብቷ ውስጥ የቀረው ደም ተሰበሰበ (ያ ደም በዛን ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚጣል ነገር ነበር)፣ ኢንዲያና የሚገኘው የሃል ብሮክስማየር ላብ መርምሮ በረዶ አድርጎ አስቀመጠው። ከዛ ህጻኑና የቀዘቀዘው ደም ፓሪስ ሄዱ፣ ሴንት ሉዊስ ሆስፒታል ኤሊያን ግሉክማን ጋር። ለምን ፓሪስ ብትዪ፣ የፋንኮኒ ታማሚዎች ከንቅለ ተከላ በፊት የሚሰጠውን የተለመደ ከባድ መድሃኒትና ጨረር አይችሉትም፣ ይሞታሉ፣ ለነሱ የሚሆነውን ቀለል ያለ አሰጣጥ አጥንታ የሰራችው ግሉክማን ነበረች። ምርመራው አንድ ቦታ፣ ማቀዝቀዙ ሌላ ቦታ፣ መትከሉ ባህር ማዶ። አንዳቸው ቢጎድሉ ልጁ አይድንም ነበር፣ ግን ዳነ፣ አድጎ ትልቅ ሰው ሆነ። የእትብት ደም ባንክ የሚባለው ነገር በሙሉ ከዛ ቀን በኋላ የመጣ ነው።

እንግዲ ሀብታም ሀገር ብቻውን አይችልም ወይ ላልሽው መልሱ ግማሹ ይሄ ነው። እውቀት በገንዘብ ልክ ተከፋፍሎ አይቀመጥም። ጣሊያን ሞዴና ሚኬሌ ደ ሉካና ግራዚዬላ ፔሌግሪኒ የሚባሉ ሰዎች ለአስርት አመታት ሌላ ስራ ሳያምራቸው የቆዳና የአይን ስቴም ሴል ሲያሳድጉ ኖረዋል። በ2015 ክረምት ጀርመን ቦኹም ከተማ የቃጠሎ ህክምና ክፍል አንድ የ7 አመት ልጅ ገባ፣ ቤተሰቡ ከሶሪያ ተሰዶ የመጣ ነው። በዘር በሚመጣ በሽታ ቆዳው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በነካሽው ቁጥር ይላጣል፣ ላምቢ3 የሚባለው ጂን ነው የተበላሸው፣ ኢንፌክሽን ገብቶበት አብዛኛውን የላይኛውን ቆዳውን አጥቷል። ሀኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ ሞከሩ፣ የአባቱን ቆዳ እንኳ ለጠፉለት፣ አልያዘም። ሞርፊን እየሰጡ ሞቱን መጠበቅ ብቻ ቀረ። እነሱ ሞዴና ጻፉ። ከልጁ ብሽሽት አካባቢ 4 ካሬ ሴንቲሜትር የምትሆን ጤነኛ የቀረች ቆዳ ቆርጠው ላኩ፣ ጣሊያኖቹ ሴሎቹን ለይተው ደህናውን ጂን በቫይረስ አስገቡላቸውና እንደ ጨርቅ ሸማ አድርገው አሳደጓቸው፣ ጠቅላላው ከግማሽ ካሬ ሜትር በላይ ሆነ። መልሰው ቦኹም ላኩት፣ ከጥቅምት 2015 እስከ ጥር 2016 በሶስት ጊዜ ቀዶ ህክምና 80 በመቶ የሚሆነው ገላው በአዲሱ ቆዳ ተሸፈነ። በየካቲት ከሆስፒታል ወጣ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ኳስ ተጫወተ። በ2017 የታተመውን ጽሁፍ ፈልገሽ አንብቢው፣ ልጁ ከመዳኑ በላይ ለሳይንስ የሰጠን ነገር አለ። ጂኑ የገባበት ቦታ በየሴሉ ስለሚለያይ እንደ አሻራ ሆኖ የትኛው ሴል ከየትኛው እንደተወለደ መከታተል ተቻለ፣ እና ቆዳችንን የሚያድሰው ሁሉም ሴል ሳይሆን ረጅም እድሜ ያላቸው ጥቂት ስቴም ሴሎች እንደሆኑ በሰው ላይ ታየ። ቦኹም ብቻውን ቆዳ ማሳደግ አይችልም ነበር፣ ሞዴና ብቻውን እንደዛ የቆሰለ ልጅ ስምንት ወር በህይወት ማቆየት አይችልም ነበር። ጀርመን ከጣሊያን የበለጠ ሀብታም እንደሆነች ደሞ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ህጉ። እውነት ነው ይለያያል፣ በተለይ ከሽል የሚወሰደው ሴል ላይ። በ1998 አሜሪካ ዊስኮንሲን ጄምስ ቶምሰን መጀመሪያ የሰው ሽል ስቴም ሴል ሲያወጣ ከተጠቀመባቸው ሽሎች የተወሰኑት ከእስራኤል ሃይፋ የመጡ ናቸው፣ መካን ጥንዶች ልጅ ለማግኘት በላብ አሰርተው ሳይጠቀሙባቸው የቀሩና ፈቅደው የሰጧቸው፣ የሃይፋው ሀኪም ኢትስኮቪትስ ኤልዶርም ከጽሁፉ ጸሀፊዎች አንዱ ነው። ያኔ የተወለደው ኤች9 የሚባል ሴል ላይን (ከአንድ ምንጭ ወጥቶ በላብ እየተባዛ የሚቀጥል የሴል ዘር) እስካሁን አለም ላይ በየላቡ አለ። ከዛ በነሀሴ 2001 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ቡሽ የፌደራል ገንዘብ ከዛን ቀን በፊት በነበሩት ላይኖች ላይ ብቻ ይውጣ አሉ፣ ይሄ እስከ 2009 ቆየ። በነዛ አመታት አንዳንድ ላቦች ማይክሮስኮፑን ሳይቀር በፌደራል ገንዘብ የተገዛውንና ያልተገዛውን ምልክት እየለጠፉ ሲለዩ ነበር፣ በተሳሳተ ማይክሮስኮፕ ሴል ማየት ጥፋት ሆኖ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ2004 በህዝብ ድምጽ 3 ቢሊዮን ዶላር የራሷን ፈንድ አቋቋመች፣ እሱ ፈንድ ደሞ ከሌሎች ሀገራት ጋር ስምምነት ተፈራረመ፣ አሰራሩ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ከራሱ ኪስ ይከፍላል፣ ገንዘብ ድንበር አይሻገርም፣ ሴሉና ውጤቱ ግን ይሻገራል።

ጀርመን የባሰ ነበር። ሽል ማፍረስ ቀድሞ በወጣ ህግ የተከለከለ ነው፣ በ2002 የወጣው ህግ ደሞ ከውጪ ማስገባት የተፈቀደው ከጥር 1 ቀን 2002 በፊት የተሰሩትን ላይኖች ብቻ ነው አለ፣ የተላለፈ እስከ ሶስት አመት ይታሰራል። ችግሩ አንድ ጀርመናዊ ተመራማሪ ሌላ ሀገር ካሉ ባልደረቦቹ ጋር አዲስ ላይን ላይ በስልክ ምክር ቢሰጥ እንኳ ሊከሰስ ይችላል የሚል ስጋት ነበር፣ ሰው ፈርቶ ከጋራ ፕሮጀክት ይወጣ ነበር። በ2008 ቀኑን ወደ ግንቦት 1 ቀን 2007 አሻሽለው ቅጣቱም ሀገር ውስጥ ለሚሰራ ስራ ብቻ እንዲሆን አደረጉት። ህጉ ልክ ነው አይደለም የሚለው ውስጥ አልገባም፣ ሀገሬው የሚወስነው ነው፣ ግን ግልጽ ያልሆነ ህግ ከጥብቅ ህግ የበለጠ እንደሚጎዳ በአይኔ አይቻለሁ። ጥብቅ ከሆነ ስራውን ትከፋፈያለሽ፣ እኔ ይሄን አልነካም አንተ ንካው ትያለሽ። ግልጽ ካልሆነ ግን ሁሉም እጁን ይሰበስባል። በ2007 ደሞ ጃፓናዊው ተመራማሪ ያማናካ ኪዮቶ ላይ ከሰው ቆዳ ሴል በአራት ጂን አይፒኤስ ሴል (ወደ ስቴም ሴልነት የተመለሰ ተራ ሴል) ሲሰራ (ቶምሰንም በዛው ወር በራሱ መንገድ ሰርቷል) ሽል የማይነካ አማራጭ ስለመጣ ብዙ ሀገር አብሮ ለመስራት ቀለለው።

ገንዘብና ህግ ይቅርና ሴሉ ራሱ ነው ተባብራችሁ ካልሰራችሁ አትረዱኝም የሚለው፣ ይሄን ላብ ያልገባ ሰው አያስተውለውም። ስቴም ሴል በሳህን ላይ ሲባዛ ይለወጣል። አንቺ ላብ ያለው ኤች9 እና እኔ ላብ ያለው ኤች9 ከአንድ ቱቦ ወጥተው ከሃምሳ ጊዜ ማዛወር (ሳህኑ ሲሞላ ከፍሎ ወደ አዲስ ሳህን ማስገባት) በኋላ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ በአይን ደሞ ልዩነቱ አይታይም፣ እንደውም የተበላሸው ነው ፈጥኖ የሚያድገውና እጅሽን የሚያስደስተው። ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ፒተር አንድሩስ ያስተባበረው አለም አቀፍ ጥናት በ2007 ከ17 ላብ 59 ሴል ላይን ሰብስቦ በአንድ አይነት መመርመሪያ አየ፣ በ2011 ደሞ ከ38 ላብ 125 የሽል ላይንና 11 አይፒኤስ ጨምሮ አየ። ያገኙት ምን መሰለሽ፣ ከአምስቱ አንድ የሚሆነው ላይን ክሮሞዞም 20 ላይ አንዲት ተመሳሳይ ቁራጭ ተጨምራበታለች፣ እዛች ቁራጭ ውስጥ ሴል እንዳይሞት የሚያደርግ ጂን አለ። አንድ ላብ ብቻውን ቢያያት 'የኔ ሴል እንዲ ነው' ብሎ ያልፋታል። የተለያየ ሀገር፣ የተለያየ ምግብ፣ የተለያየ እጅ ሆኖ ያቺው ቁራጭ ስትደጋገም ነው ይሄ አጋጣሚ አይደለም የተባለው። ያ ሴል ሳይመረመር ታማሚ ውስጥ ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው።

ደሞ ትናንሽ ስጦታዎች አሉ። የሰው ስቴም ሴል አንድ በአንድ ሲለያይ ይሞታል፣ ድሮ ከመቶ አንድ ነበር የሚተርፈው። በ2007 ጃፓን የሳሳይ ቡድን ሮክ የሚባለውን ኢንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር ብትጨምሩበት ወደ 27 ይደርሳል ብሎ አሳተመ። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ አለም ሁሉ ይጨምረዋል፣ እኔም ሴል ባቀለጥኩ ቁጥር እጨምራለሁ። ማንም ስምምነት አልፈረመም፣ መጠኑን በግልጽ ጻፉት፣ ሰራ።

የሚከሽፈውንም ልንገርሽ፣ ካልነገርኩሽ መልሴ ሙሉ አይሆንም። በ2004 እና 2005 ደቡብ ኮሪያ ህዋንግ ዉሱክ የሰው ሽል ክሎን አድርጌ ስቴም ሴል አወጣሁ ብሎ በታወቀ መጽሄት አሳተመ፣ የ2005ቱ ላይ የአሜሪካው ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጄራልድ ሻተን አብሮ ጸሀፊ ነበር፣ በጥቅምት 2005 አለም አቀፍ የስቴም ሴል ማእከል ሴኡል ላይ ተመረቀ። በህዳር ሻተን ለቀቀ፣ ለስራው የሴቶች እንቁላል የተገኘበት መንገድ ጥያቄ አስነስቶ ነበር፣ ቀጥሎ ከታማሚዎች ወጡ የተባሉት ላይኖች ውሸት እንደሆኑ የሴኡል ዩኒቨርሲቲ ራሱ አጣርቶ ተናገረ፣ በጥር 2006 ጽሁፎቹ ተሰረዙ። እዛ ትብብር ውስጥ ስም ተሻግሯል፣ ክብር ተሻግሯል፣ ግን ሁሉም ያመነው ሴሎቹ ሌላ ሀገር ባለ ላብ በነጻነት ሳይመረመሩ ነው። ያመነ ሁሉ ተጎዳ፣ በተለይ ሽባ ሆነው ተስፋ ያደረጉ ሰዎች። እኔ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ስለራሴ አንድ ነገር። ሴል በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ደረቅ ታንክ ነው የሚላከው፣ ናይትሮጅኑ ግድግዳው ውስጥ ተመጥጦ ስለሚቀር አይፈስም፣ ከዜሮ በታች 150 ዲግሪ ይይዛል፣ ግን የሚቆየው ለተወሰነ ቀን ነው። አንዴ ስምንት ቱቦ ልኬ አንድ አየር ማረፊያ ጉምሩክ ላይ ቆመ፣ ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ 'የሰው ሴል' ብዬ ጽፌ እቃ አስተላላፊው ሌላኛው ወረቀት ላይ 'የደም ናሙና' ብሎ መጻፉ ነው፣ ሁለት ቃል አልገጠመም በቃ። አስራ ሁለት ቀን ቆመ። ሲከፈት ታንኩ ሞቋል፣ የሙቀት መመዝገቢያው ላይ መስመሩ ዘጠነኛው ቀን ላይ ወደላይ ሲወጣ ይታያል፣ ከስምንቱ አንድም አልተነሳም። ከአንድ ታማሚ የተወሰደ፣ ለመስራት ሰባት ወር የፈጀ ላይን ነው። እኔ ጋ ሁለት ቱቦ አስቀርቼ ስለነበር ነው ፕሮጀክቱ የተረፈው። ከዛ በኋላ ሳይላክ በፊት ተቀባዩ፣ አስተላላፊውና እኔ አንድ ላይ ወረቀቱን ቃል በቃል እናነባለን፣ አርብ አይላክም፣ ሁሉንም ቱቦ አንዴ አንልክም። የቁሳቁስ ማስተላለፊያ ውሉ ደሞ ራሱ ወራት ይፈጃል፣ የሁለቱ ተቋም የህግ ክፍል በግኝቱ የማን ይሁን ላይ ሲከራከር ሴሉ ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቃል። ዳታውም እንደዛው ነው፣ ከ2018 ጀምሮ የአውሮፓ የግል መረጃ ህግ የታማሚን የጂን መረጃ ወደ ውጪ መላክ ከባድ አድርጎታል፣ ቻይናም በ2019 ባወጣችው ደንብ የሰው ናሙና ያለ መንግስት ፈቃድ አታስወጣም። እኔ ክፋት ነው አልልም፣ ናሙናው የሰጠው ሰው ነው፣ ድሮ ያለ ጥያቄ ተወስዶ የቀረ ብዙ አለ። ግን እቅድሽ ውስጥ ጊዜውን አስገቢ።

ትልቅ ላብ የሌለው ምን ያበረክታል ላልሽው፣ እኔ እንደማየው በጣም ብዙ፣ ደሞም ሌላው የማይተካው። ኪዮቶ ለጃፓናውያን የሚገጥም አይፒኤስ ባንክ ሲሰሩ ኤችኤልኤያቸው ተመራጭ የሆነ ሰባት ለጋሽ ብቻ መርጠው ወደ 40 በመቶ ለሚሆነው ጃፓናዊ የሚገጥም ሰሩ። ያው ባንክ ሌላ ህዝብ ጋ ሲሄድ ያን ያህል አይገጥምም፣ ምክንያቱም በብዛት የሚገኘው የኤችኤልኤ አይነት ከህዝብ ህዝብ ይለያያል። ሰፊ የዘር ልዩነት ያለበት ህዝብ ደሞ ብዙ ለጋሽ ያስፈልገዋል። አሜሪካ መዝገብ ላይ ነጭ ታማሚ ሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት እድሉ ወደ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁሩ 29 ነው፣ ምክንያቱ አንዱ ይሄው የዘር ልዩነት ስፋት ነው፣ ሌላው ደሞ መዝገቡ ውስጥ የገባው ሰው ማነሱ ነው። ስለዚ ለጋሽ በትክክል መመዝገብ፣ በህመምተኛው ቋንቋ በትክክል ማስረዳትና ማስፈረም፣ ደሙን በስርአት ማስቀመጥ፣ የበሽታውን ታሪክ አመታት መከታተል፣ ይሄ ሁሉ ውድ ማሽን አይጠይቅም፣ ግን ካልተሰራ ውድ ማሽን ያለው ሰው የሚሰራበት ነገር የለውም። ስትደራደሪ ግን ናሙና አቅራቢ ብቻ ሆነሽ አትቅሪ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄው ላይ፣ ጽሁፉ ላይና ስልጠናው ላይ ድርሻሽ ይጻፍ፣ ከላይኑ አንድ ቱቦ አንቺ ጋ ይቅር።

አንድ ነገር አሁኑኑ ማድረግ የምትችዪው ደሞ፣ ትምህርት ክፍልሽ ውስጥ የሚሰራበት የሰው ስቴም ሴል ላይን (የሽል ወይ አይፒኤስ) ካለ ስሙን ጠይቂ፣ በርሊን ላይ የተቀመጠው የአውሮፓ የስቴም ሴል መዝገብ ውስጥ ፈልጊው፣ ለእያንዳንዱ ላይን የማይደገም ስም ይሰጣል፣ ለጋሹ ምን እንደፈቀደም ተጽፎበታል። ከዛ ፍሪዘራችሁ ላይ ያለው ቱቦ ስንተኛ ማዛወሪያ ላይ እንደቀዘቀዘ፣ የክሮሞዞም ምርመራው መቼ እንደተሰራ፣ ማይኮፕላዝማ (ሴል የሚበክል፣ በቀላሉ የማይታይ ባክቴሪያ) ተመርምሮ እንደሆነ እይ። ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልኝና የጎደለውን አብረን እናየዋለን።